ሁለት ክንድ ፊልም

ባለቤቴን ኦርቪል ትሬድዌይን ባለፈው ወር ቀበርነው። ከቀብሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ፓስተሩ ቤት መጡና "ፈርን፣ የሕይወት ታሪኩን በአንድ ገጽ ጻፊልኝና ቤተ ክርስቲያን ላንብበው" አሉኝ። ጻፍኩ። ኔብራስካ ውስጥ ሃርላን ክሪክ ተወለደ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጁብሊ ሲኒማ ፊልም አጫወተ፤ በረዶ ሲጥል የሰው ደጅ ይጠርግ ነበር፤ በሕይወት ዘመኑ ሰው አላስቀየመም። ሲነበብ ሰው ሁሉ አለቀሰ። "ሰው አላስቀየመም" የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ ከፊት ተቀምጠው የነበሩት እትዬ አልማ ስትራንድ "እውነት ነው" እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ገጹ ላይ ያስቀረሁትን አሁን እጽፈዋለሁ። ኦርቪል ደግ ሰው ነበር፤ እሱ ውሸት አይደለም። ግን ሌባም ነበር። እኔ ደግሞ ከሱ የባስኩ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ሌብነቱ ልናገር። ያኔ ፊልም በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጎ በአውቶቡስ ነበር የሚመጣልን። ኦርቪል ጥቅሉን በእጁ እየዘወረ፣ ፊልሙን በሁለት ጣቶቹ መሐል እያሳለፈ ይፈትሸዋል። የተቀደደ ቦታ ካለ ዓይኑ ሳያይ ጣቱ ያውቃል። የተበላሸችውን ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን በማጣበቂያ ይቀጥላል። መቀስና ማጣበቂያ እጁ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይፈተናል። በአገሩ ያለ ፊልም አጫዋች ሁሉ አንዲት የትንባሆ ቆርቆሮ አለችው፤ ውስጧ ከዚህ ፊልም አንድ ምስል፣ ከዚያ ፊልም ሁለት ምስል፣ የሚወዳቸው የፊልም ኮከቦች ተቆርጠው ይከማቻሉ። አንድ ምስል ቢጎድል ማንም አያይም። ችግሩ ፊልሙ ከከተማ ከተማ ሲዞር ሁሉም የድርሻውን መቁረጡ ነው። ትልቅ ከተማ ላይ ወደ በሩ በአምስት እርምጃ የሚሄደው ኮከብ፣ እኛ ጋ ሲደርስ በሦስት እርምጃ በሩ ላይ ነው።

በየዓመቱ ለገና ደግሞ ፊልም ሠሪው ስቱዲዮ አንድ አጭር ፊልም ይልክ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ብትሆን ነው። ትልልቆቹ ኮከቦች ፀጉራም ካፖርት ለብሰው በገና ዛፍ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ ይዘምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት እያዩን "እንኳን አደረሳችሁ!" ይላሉ። የኛ ሰው ከዋናው ፊልም ይልቅ ይቺን ነበር የሚወደው። ኮከቡ "እንኳን አደረሳችሁ" ሲል፣ ዓመቱን ሙሉ ከአሳማና ከበቆሎ ጋር የኖረው ገበሬ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ በአንድ ድምፅ "እንኳን አብሮ አደረሰን!" ብሎ ይመልስለታል። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ጉስ ደግሞ "አንተም ቤተሰብህን ሰላም በልልኝ" ብለው ይጨምሩበታል። ይሄ በኛ ቤት ሞኝነት አልነበረም፤ ሰው ሰላም ሲልህ ዝም አይባልም።

በ1938 የመጣችው የገና ፊልም ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

እኔ ያኔ የጁብሊ ትኬት ሻጭ ነኝ፤ ሃያ አራት ዓመቴ። ኦርቪል ቀለበት አድርጎልኛል፣ በሰኔ ልንጋባ ነው። ቀለበቱን ሲያደርግልኝ ያ የዋህ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ድሮ ኔቫ ስትራንድን እወዳት ነበር። ነግሬያት አላውቅም፤ ሻንጣዋን ብቻ አውቶቡስ ድረስ ተሸክሜላታለሁ" አለኝ። ማን ጠየቀህ! ኔቫ የእትዬ አልማ አንድያ ልጅ ናት። ረጅም፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ ልጅ ሳለች የውሃ መሳቢያው እጀታ መትቷት የፊት ጥርሷ የተሸረፈ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ተዋናይት እሆናለሁ ብላ ካሊፎርኒያ ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነበር። እኔም ቀለበቱን እያየሁ፣ ካሊፎርኒያ ሩቅ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ገና ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ፊልሙ ደረሰ። የሚታየው ያን ቀን ምሽት ብቻ ነው፤ እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ወደሚቀጥለው ከተማ ያልፋል። በስምንት ሰዓት ግድም ለኦርቪል ምሳውን ይዤለት ወደ ማሽኑ ክፍል ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ኦርቪል ፊልሙን ወደ አምፖሉ አንስቶ ያያል፤ እርምጃዬን እንኳ አልሰማም። በአምፖሉ ብርሃን ፊቱን አየሁት። እኔን በዚያ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ መቀሱን አነሳ። አንድ ምስል ወይም ሁለት ምስል አይደለም የቆረጠው፤ ሁለት ክንድ የሚሆን ነው። ሁለት ክንድ ፊልም ማሽኑ ላይ ሁለት ሰከንድ ነው። ጫፍና ጫፉን ቀጠለ፣ የቆረጠውን ጠቅልሎ ትንባሆ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ። ማንን እንደቆረጠ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሥራ አራቱን ደረጃ ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ ምሳውንም ራሴ በላሁት።

ለኦርቪል ልፍረድለት፦ ማንንም የሚጎዳ አልመሰለውም። ኔቫ ስሟ እንኳ ፊልሙ ላይ አልተጻፈም። እናቷ ደግሞ ሲኒማን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው፤ በዕድሜያቸው የጁብሊን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የትኬት መስኮቴ ተንኳኳ። እትዬ አልማ ናቸው። የእሑድ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ እጃቸው ላይ ደብዳቤ አለ።

"ፈርን ልጄ፣ ለአርባ ሰው ይበቃል ይሄ ቤት?"

"እትዬ አልማ! ሲኒማ ሊገቡ ነው እንዴ?"

"እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልገባ ነው። ፓስተራችንን ስለምናቸው ሳምንት ሆነኝ። 'የገና ነው፣ መዝሙርም አለበት' ብዬ ብዬ እሺ አሰኘኋቸው። እሳቸውም ይመጣሉ፣ ማኅበሩም ይመጣል።" ደብዳቤውን መስኮቱ ላይ ዘረጉት። "ኔቫዬ ናት እኮ! ከግራ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ ትላለች፣ ሻማ ይዛ። ዋናው ተዋናይ ከበረዶ ሠረገላው ወርዶ በፊታቸው ሲያልፍ ካሜራው እሷ ላይ ይቆማል አለች። ቅርብ ነው አለች፣ እንደኔና እንዳንቺ። ደግሞ በሐምሌ ሐሩር ነው ያነሱን ትላለች፣ ካፖርት አስለብሰው! በረዶው የነጣ የበቆሎ ቅርፊት ነው፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል አለች። እዚህ በረዶ ሞልቶ!" ሳቁና እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ የምልሽ ፈርን፣ ግራ ሲባል በኔ ግራ ነው ወይስ በሷ?"

"በእርስዎ ግራ ነው እትዬ አልማ" አልኳቸው።

ኔቫ በግራም በቀኝም አልነበረችም፣ ቆርቆሮ ውስጥ ነበረች። ይህን ደግሞ ከኔ ሌላ ማንም አያውቅም። ፊልሙ ሊጀምር ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀርቶታል። ለመቀጠል አምስት ደቂቃ ይበቃል። ደረጃውን ወጥቼ "እናቷ እየመጡ ነው፣ መልሰው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልወጣሁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ትኬት ቀደድኩ። ምክንያቴን ላሳምረው አልፈልግም፤ ቅናት ነው። ኦርቪል በዚያ ዓይን ያያትን ሴት ከተማው ሁሉ በጭብጨባ እንዲያያት አልፈለግሁም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ጢም አለ። እኔም መብራቱ ሲጠፋ ከኋላ ገብቼ ቆምኩ። ሠረገላው መጣ፣ ኮከቡ ወረደ፣ ሻማ የያዙ ልጃገረዶች እየዘመሩ ተሰልፈዋል። ካሜራው አንደኛዋን አሳየ። ሁለተኛዋን አሳየ። እትዬ አልማ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቅ አለ፣ መዝሙሩ አንድ ቃል ዘለለ፣ ኮከቡም በሩ ላይ ሆኖ ባርኔጣውን እያነሳ "እንኳን አደረሳችሁ!" አለ። ገበሬዎቹ "እንኳን አብሮ አደረሰን!" አሉ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት አርባ ሰዎች ዞረው እትዬ አልማን አዩ። እትዬ አልማ ዋናው ፊልም እስኪጀምር ድረስ እንደቆሙ ነበሩ፤ ፓስተሩ ናቸው እጃቸውን ይዘው ያስቀመጧቸው።

እትዬ አልማ ሲወጡ በኔ በኩል መጡ። ባርኔጣቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

"ፈርን ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ፊልሙን ሙሉውን ነው ያሳያችሁን? የቀረ ነገር የለም?"

"ሙሉውን ነው፣ እትዬ አልማ" አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ወለምታ ቢሆንማ ደግ ነበር፤ እኔ አስቤበት ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትንሽ ከተማ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ፀጉር አስተካካዩ ጋ፣ መኖ መሸጫው ጋ፣ ሌላ ወሬ ጠፋ። አርፍዶ የመጣ ሰው "የት ነበርክ?" ሲባል "ከግራ ሦስተኛ ነበርኩ!" ይላል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። የጠፋች ጊደር ከግራ ሦስተኛ ናት። ሴቶቹ ደግሞ "ተዋናይት ካልሆነች ታዲያ እዚያ ምን እየሠራች ነው የምትበላው?" ይባባላሉ፣ ቀሪውን በዓይን ይጨርሱታል። እትዬ አልማ ለልጃቸው "ለምን ዋሸሽኝ? በሰው ፊት ለምን አዋረድሽኝ?" ብለው ጻፉ። ኔቫ አንዴ መለሰች፦ "እዚያው ነበርኩ። እናቴ ካላመንሽኝ ማንም አያምነኝም" አለች። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ ቀረ። በየገናው የታተመ ካርድ ብቻ ይመጣል፤ ስሟና ስልኳ፣ ሌላ ቃል የለም።

ኦርቪል ነገሩን የሰማው በዚያው ምሽት ከማሽኑ ክፍል ሲወርድ ነው፤ ጋሽ ጉስ እየሳቁ ነገሩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ጎትቶ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ቆርቆሮውን ከኪሱ አወጣ።

"ፈርን፣ እኔ ነኝ የቆረጥኳት። አሁኑኑ ሄጄ ለእትዬ አልማ እነግራቸዋለሁ፣ ይሄንንም አሳያቸዋለሁ።"

"ምን ብለህ? 'ልጅዎን ስለምወዳት ቆርጬ ኪሴ ከተትኳት' ብለህ?"

"እንደሱ አይደለም..."

"እንዴት ነው ታዲያ? ሂድ። ግን ሄደህ ስትመለስ እኔን አታገኘኝም። ቀለበትህን ጋሽ ጉስ ጋ አስቀምጥልሃለሁ።"

ቆርቆሮውን ይዞ ብዙ ቆመ። አፍንጫው በብርድ ቀልቷል። ከዚያ ኪሱ ከተተው። እኔ አስቀድሜ ማወቄን አልነገርኩትም። በሰኔ ስንጋባም አልነገርኩትም፣ እስከ ሞተበት ቀን አልነገርኩትም። ጥፋቱ ሁሉ የራሱ ብቻ እየመሰለው ሃያ ሦስት ዓመት ተሸከመው፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ሲሸከም አየሁት።

ከዚያች ቀን በኋላ ከአንድም ፊልም አንድ ምስል አልቆረጠም። በረዶ በጣለ ቁጥር ደግሞ ማልዶ ተነስቶ የራሳችንን ደጅ ትቶ መጀመሪያ የእትዬ አልማን ደጅ ይጠርጋል። እሳቸውም በየገናው ውለታውን ሊመልሱ አንድ ማሰሮ የቀይ ፍሬ ማርማላታ ይልኩለታል። "ከኦርቪል በቀር ሰው የለኝም" ይላሉ ለሰው። ማርማላታውን መብላት አልቻልንም፣ መጣልም አልቻልንም። ምድር ቤት መደርደሪያው ላይ ተሰልፏል። ኦርቪል ከቀብሩ በፊት በነበረው ሳምንት ደረቱን ይዞ የወደቀው እዚያው፣ ከመደርደሪያው ሥር ነው። ድንች ሊያመጣ ወርዶ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኛው ብዙ አደረ። ባለፈው ማክሰኞ ቆርቆሮውን ይዤ እትዬ አልማ ቤት ሄድኩ።

ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ጥላ ብቻ ነው የሚያዩት። "ፈርን ነሽ? አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንደሱ ያለ ባል ያጣች ሴት ብታለቅስ አይፈረድባትም" አሉና ወንበር ሊስቡልኝ ተነሱ። ቆሜ ልናገር አልኳቸው። ተናገርኩ። ኦርቪል መቁረጡን፣ እኔ ማየቴን፣ መስኮቱ ጋ መዋሸቴን፣ ኦርቪል ሊመጣ ሲል መከልከሌን፤ ሁሉንም። እሳቸው የወንበሩን መደገፊያ እንደያዙ ሰሙ።

"ጠይቄሽ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ ጠይቀውኝ ነበር።"

"ሙሉውን ነው አልሽኝ።"

"አዎ።"

ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱት። "አምጪው" አሉ። ፊልሙን ሰጠኋቸው፤ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ተኮማትሯል። በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ወደ መስኮቱ አነሱት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት። ከዚያ ወደኔ ዘረጉት።

"አይታየኝም። አንቺ እይልኝ።"

ሃያ ሦስት ዓመት ቤቴ የተቀመጠውን ፊልም አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። ወደ መስኮቱ አነሳሁት።

"ምን አድርጋለች?"

"ነጭ ካፖርት። ሻማ ይዛለች። ትከሻዋ ላይ ያ የበቆሎ በረዶ አለ።"

"ትስቃለች?"

"ትስቃለች፣ እትዬ አልማ።"

"አፏን ሸፍናለች?"

"አልሸፈነችም።"

"ያቺ ጥርስስ?"

"ትታያለች። የተሸረፈችዋ ትታያለች።"

መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ልክ እንደ ልጃቸው። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ለኔ አይደለም" አሉ። "ውሸታም ብዬ የሰደብኩት እሷን ነው። ስልኩ እዚያ ነው።" ቁጥሩን ከካርዱ ላይ አንብቢ አላሉኝም፤ ደውለው የማያውቁትን ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝ።

ቁጥሩን ለስልክ ኦፕሬተሯ ነገርኳት፣ አገናኘችኝ። አንዲት ጎርነን ያለች ድምፅ አነሳች።

"ከሃርላን ክሪክ ነው" አልኩ። "ፈርን ነኝ፣ የጁብሊ ትኬት ሻጭ የነበርኩት።"

"እናቴ ሞተች?" አለች።

"የለም። አጠገቤ ቆመዋል።"

"ታዲያ ምንድነው?"

የስልኩን እጀታ ለእትዬ አልማ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። እጃቸውን ከኋላቸው አድርገው "ከመጀመሪያው" አሉኝ። "ከኦርቪል አትጀምሪ። ከራስሽ ጀምሪ።"

"ኔቫ" አልኳት፣ "በዚያ ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት እናትሽ ደብዳቤሽን ይዘው መስኮቴ ጋ መጡ። አንቺ የት እንዳለሽ አውቅ ነበር።"